ስሙን የደበቅሁት ናና

አጅማን፣ አል ራሺዲያ፣ ስድስት ሆነን ቢድ ስፔስ፣ አልጋ አልጋ ብቻ ተከራይተን በምንኖርበት ቤት አንዲት ልጅ ትናንት ሆዷን ነፍቷት ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። ከታች ካለው ባቃላ ከሚሉት ትንሽ ሱቅ አንድ እስር ናና አምጥቼ ከዝንጅብል ጋር ወቀጥኩት፤ በፍል ውኃ በጥብጬ፣ ሎሚ ጨምቄበት ሰጠኋት። «እትዬ፣ ምን ምን አለበት?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። በሷ ዕድሜ ሳለሁ ይህንኑ አልናገርም ብዬ ከሻርጃ ልባረር ነበር።

ሙያውን ያየሁት ከወሎዋ አክስቴ ነው። «መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል» ትል ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ትወቅጣለች፣ በነጠላዋ ጫፍ ታጠልላለች። ሽታው መንደሩን እያወደው ማን ይታለልላት እንደነበር እንጃ። እኔ ግን አምኜ ነው ያደግሁት።

ሻርጃ በገባሁ በአራተኛው ወር፣ በዒድ ማግስት፣ ማማ የምንላት የአሠሪዬ የማዳም እናት ሀሪስ አብዝታ በላች። ስንዴና ሥጋ አብሮ ሲንተከተክ የሚያድር ምግብ ነው፤ ሆድ ላይ ይከብዳል። ውጪው በሙቀት ይነዳል፣ ሐኪም ቤት አልሄድም አለች። ማዳም አልነበረችም። አክስቴ እንደምታደርገው አድርጌ አጠጣኋት። ሁለት ጊዜ አገሳችና እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ማዳም ስትመለስ እናቷ በቀን ታንኮራፋለች፣ ብርጭቆው ሥር አረንጓዴ አተላ አለ። ብርጭቆውን እንደሚናከስ ነገር ከፊቷ አርቃ ያዘችው።

«ምንድን ነው ያጠጣሻት?»

«መድኃኒት።»

«የምን መድኃኒት?»

ብርጭቆውን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ።

«ሲህር ነው?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ድግምት ማለቷ ነው። ጎረቤት አንዲት ልጅ ትራሷ ሥር የተቋጠረ ክር ተገኘ ተብሎ በሳምንቱ አገሯ ተልካ ነበር። ማዳም ስልኳን አንሥታ ያስቀጠረኝን ኤጀንሲ ቁጥር ፍለጋ ያዘች። መባረሩ አስፈራኝ። ከዚያ የባሰው ግን፣ ስሙን ብጠራ መድኃኒቱ ማማ ሆድ ውስጥ እንዳለ ይረክስና ሕመሙ ይነሣባታል ብዬ ከልቤ ማመኔ ነው። ዛሬ ያስቀኛል።

በመጨረሻ ስሙን ላለመጥራት ፍሪጁን ከፍቼ የተረፈውን ግማሽ እስር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ናና?» አለች። «ይኸው ነው?»

«ዝንጅብልና ሎሚም አለው።»

ስልኩን አስቀምጣ ብርጭቆውን አሸተተችና ወንበር ላይ ዘፍ አለች። «ዋላሂ፣ በድንጋጤ ልትገድዪኝ ነበር። እኔው የገዛሁትን ናና!» ሳቋ አላቆም አላት። እኔ አልሳቅሁም። ማማ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልኩና ሕመሙ እስኪመለስ መጠበቅ ጀመርኩ። አልተመለሰም። ስትነቃ እጄን ይዛ ሻይ አምጪልኝ አለች።

ሌላ ቀን ሆዷን ሲያማት ማዳም ራሷ ሠርታ አቀረበችላት። ማማ አንዴ ፉት ብላ ገፋችው።

«ልጅቷ ትሥራልኝ።»

«ዩማ፣ ያው ናና እኮ ነው» አለቻት እናቷን።

«አውቃለሁ። እሷ ግን ሰጥታኝ አጠገቤ ትቀመጣለች።»

ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ ናናውን የምሠራው እኔ ነበርኩ፤ እቀመጥም ነበር።

አክስቴ ካረፈች ቆየች። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ደጇን የሚረግጠው የታመመ ሰው ብቻ ነበር። ቅጠሉን የምትደብቀው እንዳይረክስ ነው ስል ኖሬአለሁ። እኔም በተራዬ ዕድሜዋ ላይ ደርሼ ሳስበው፣ ሰዉ ካወቀው ተመልሶ አይመጣም ብላ የፈራች ይመስለኛል። ቢያውቁትም ይመጡላት ነበር። ይህን ሳልነግራት መሞቷ ይቆጨኛል።