ደፍ የሆነው ትክል ድንጋይ

በንጉሡ ጊዜ ከአሰላ ወጣ ብለን ስንኖር፣ ከእርሻችን ዳር የጥንት ሰዎች በተርታ ያቆሟቸው ትክል ድንጋዮች ነበሩ። ባለቤቴ አንዱን በበሬ አስጎትቶ የቤታችን ደፍ አደረገው። ክረምቱ ሲወጣ የአርሲ ሴቶች እርጥብ ሳርና ቅቤ ይዘው መጡ። ድንጋዮቹን እየቀቡ ባዶው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ፣ ዞረው ወደ ደጃችን መጡ።

«ልጄ፣ ድንጋያችን እናንተ ደጅ ተኝቷል፤ ቀብተነው እንሂድ» አሉኝ ትልቋ።

«እኔ የምረግጠውን ልትሳለሙት?» ብሎ ባሌ አባረራቸው።

ሴትየዋ የልጄን ሆድ አይተው፣ «እሷ እንኳ አትርገጠው» ብለውኝ ሄዱ። ልጄ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከኦጎልቾ እኔ ዘንድ መጥታ ነበር።

ድንጋዩን መልሰው ብዬ ለመንኩት። «ማተብሽን በጥሺና አብረሻቸው ቅቢ» አለኝ። ማተቤን አልበጠስኩም። መጥረቢያ አንስቼ የጓሮውን ግድግዳ ቀደድኩ፤ ልጄ እስክትወልድ በዚያ ወጣች፣ በዚያ ገባች።

በሰላም ተገላገለች። እሱ ታዲያ ቀዳዳውን በጭቃ አስደፍኖ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ፣ ለመጣው ሁሉ «ይኸው፣ ድንጋይ ምን አደረገን?» ይል ጀመር። በየት በኩል ስትወጣ እንደከረመች አንድም ቀን አልተናገረም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ፣ «እዚያው ታረሺ፣ ወደ እኔ አትምጪ» ብዬ ላክሁባት።