የተረፈችው ሮንዴላ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ ቡራዩ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል፤ የምትወልድበት ሆስፒታል ያለው ግን አዲስ አበባ ነው። የአምቦ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ድንጋይ ይደረደርበታል። ድንጋይ በተደረደረበት ቀን ታክሲ ስለማይወጣ ያለን ተስፋ አሮጌዋ መኪናዬ ነበረች። እሷም በዚያው ሰሞን መጮህ ጀመረች።

ጩኸቱ ሞተሩ ሲነሳ ይጀምርና መብራት ሳበራ ይብሳል። ከዘገባ ስመለስ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። ገና ገፈርሳ ሳለሁ እንደምትሰማኝና ሽሮውን የምትጥደው በዚያ ሰዓት እንደሆነ ትነግረኝ ነበር።

እኔ ጋዜጠኛ ነኝና ከሁለት ምንጭ ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም፤ መኪናዬንም በዚያው ደንብ ያዝኳት። አከራያችን ዲናሞውን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ደርቋልና በደረቅ ሳሙና እሸው አሉኝ። ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤታችን ደግሞ ቺንጋው አልቋል፣ ቀይረው አለኝ። ሳሙናው ለግማሽ ቀን ሠራ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳየው ቺንጋው ተሰነጣጥቋል። ከተበጠሰ ዲናሞው ባትሪ አይሞላም፣ የውሃ ፓምፑም ይቆማል፤ ምጥ የያዛት ሴት ይዤ መሀል መንገድ ላይ መቅረቴ ነው።

አዲስ ቺንጋ ገዝቼ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዲናሞውን ፈታሁ። የፈታሁትን ሁሉ በቅደም ተከተል ማስታወሻ ደብተሬ ላይ መዘገብኩ። ባለቤቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሆዷን እያሻሸች ታየኛለች። ገጥሜ ስጨርስ ከእግሯ ሥር አንዲት ወፍራም የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አነሳች።

«ይቺስ?» አለችኝ።

«ትርፍ ናት።»

«ፋብሪካው ምራቂ ሰጥቶህ ነው?»

ሮንዴላዋን ኪሴ ከተትኩና እሷንም መዘገብኳት።

በሁለተኛው ቀን አዲሱ ቺንጋ ከአሮጌው አብልጦ ጮኸ። ባለቤቴ የገዛሁት ቺንጋ ሳይሆን ጡሩንባ እንዳይሆን ጠረጠረች። እኔም ሰፈሩ በሙሉ «ኦቦ» ብሎ ወደሚጠራቸው ሽማግሌ መካኒክ ሄድኩ። አካም ጅርታ ተባብለን እንደጨረስን የአከራዬንም የጎረቤቴንም ቃል እንደ ዜና አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ሞተሩን እንዳስነሳ አዘዙኝና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ ቺንጋው ላይ አፈሰሱ። ጩኸቱ ቀጥ አለ፤ ውሃው ሲደርቅ ተመለሰ። የሚጮኸው መዘውሩ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ቢሆን ኖሮ ውሃ ዝም እንደማያሰኘው፣ ቺንጋው ግን አዲስ ስለሆነ የሚያስጮኸው ሌላ ነገር እንዳለ አስረዱኝ። ሞተሩን አስጠፍተው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው መዘውሮቹን በመስመር አዩ። የዲናሞው መዘውር ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ገብቷል፤ ቺንጋው ተጣሞ ነው የሚሮጠው።

«ስትገጥም የተረፈ ዕቃ ነበር?» አሉኝ።

ደብተሬን ገልጬ አነበብኩ፤ «ሮንዴላ፣ አንድ፣ ትርፍ።» ከዚያ ከኪሴ አወጣኋት።

መካኒኩ ሮንዴላዋን አገላብጠው አዩዋትና እኔን አዩኝ። «ምስክሩን ኪስህ ከተህ ሰፈሩን ትጠይቃለህ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው የምጠይቀው እኔ ነበርኩ፤ ያን ቀን ግን ተጠያቂው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ሮንዴላዋን በዲናሞውና በማቀፊያው መካከል፣ ድሮ በነበረችበት መለሷት። ቺንጋውን ወጥረው በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፤ ከመጠን በላይ ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል አሉ። ሞተር ተነሳ፣ መብራት በራ፣ ምንም ድምፅ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምጥ መጣ። ወደ ከተማው መውጫ ስንቃረብ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ወጣቶች መንገዱ ዳር ቆመዋል። ከእነሱ ስንቶቹን ስለ አባቶቻቸው መሬት ጠይቄ እንደጻፍኩ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን ደብተሬን አላወጣሁም። አንዱ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየን። ባለቤቴ በኦሮምኛ ምጥ ላይ መሆኗን ነገረችው። ለሌሎቹ አንድ ነገር ተናገረና ሁለት ሆነው መኪና የሚያሳልፍ ያህል ድንጋይ አነሱልን።

አለፍን። ሞተሩ ያለ አንዳች ጩኸት ይሮጣል። ባለቤቴ ክንዴን ያዘች።

«መኪናህ ዝም ካለች» አለችኝ፣ «እንግዲህ የመጮኹ ተራ የእኔ ነው።»

እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ቃሏን ጠበቀች።