ፊት የሌለው ሥዕሌ

ስኔሊንግ አቨኒው በሚባለው ጎዳና ላይ ግድግዳ እየተቀባ ነበር። የቀለም ማቅጠኛው፣ የአኳራጁ ሽታ ሲመታኝ ቆምኩ።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ገና ልጅ ሳለሁ፣ በምንኖርበት በሪችፊልድ ከተማ ከኢኳዶር የመጡ አንድ ጥቁር እናት ጎረቤታችን ነበሩ። ሠዓሊም አንትሮፖሎጂስትም ናቸው፤ የኢኳዶር ጥቁሮች ባህል እንዳይጠፋ ሰዎቻቸውን ይስላሉ። የሚስሉትን ሰው የዘር ሐረግ ከሸራው ጀርባ ሳይጽፉ ፊቱን አይነኩም።

አንድ ቀን ያው አኳራጅ በሚሸትበት ቤታቸው እኔን አስቀምጠው እጆቼንና ቀሚሴን ከሳሉ በኋላ ዘሬን ጠየቁኝ። አባቴ እንዳስጠናኝ፣ እንደ ኦሮሞ ልጅ፣ ሰባት አባቶቼን በአንድ ትንፋሽ ቆጠርኩላቸው።

«እናቶችሽስ?» አሉኝ።

ከአያቴ አላለፍኩም።

ብሩሹን አስቀመጡት። «የእኛን ስም በባርነት ቀሙን። የአንቺን እናቶች ማን ወሰዳቸው?»

ፊቴ ሳይሳል ቀረ።

ይህ ትዝ ብሎኝ፣ እዚያው ስኔሊንግ ላይ ከሚቀባው ግድግዳ ሥር ስልኬን አውጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የአያትሽ እናት ማን ትባላለች?»

እሷም አባቶቿን ትቆጥርልኝ ጀመር።