አርባው ብሬከርና አሥራ ስምንት ቁጥር ሽቦ

ጌታነሽ ሞላሌ ውስጥ ቤት ለቤት መብራት መዘርጋት ከጀመረች አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሷ የዘረጋችው ቤት እስከ ዛሬ ተቃጥሎ አያውቅም፤ ይቺን ነገር ሳይጠይቋት ታወራለች። «ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረኝ፣ ከፍ ያለ ቀይሪልኝ» ያላት ሰውማ ወዮለት! «ብሬከር ሽቦው ሳይግል ኃይል የሚቆርጥ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን አስክሬ ቤትህን ለሌባ ልስጥልህ?» ትለዋለች።

ታዲያ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዋ ብሌን፣ ቡድኗ ደብረ ብርሃን ለውድድር የሚወስደውን ሮቦት ይዛ «ሽቦውን አንቺ ዘርጊልን» ስትላት ደስታውን አልቻለችውም። ከፈረንጅ አገር በመጣው የሮቦቱ ዕቃ ሳጥን ውስጥ ባለ አርባ አምፔር ብሬከርና ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፤ አንዱ 12፣ አንዱ 18 ይላል። ጌታነሽ የምታውቀው ሽቦ ቁጥሩ ሲጨምር ይወፍራል። ለትልቁ ብሬከር ትልቁን ቁጥር አነሳች። ጣቷ «ኧረ ይሄ ቀጭን ነው» አላት፤ እሷ ግን «ፈረንጅ ዝም ብሎ አይጽፍም» ብላ ቀጠለች።

ለሙከራ ሮቦቱን ከግድግዳ ጋር ሲያጋፉት ሽቦው ጨሰ። ብሬከሩ ንቅንቅ አላለም። ብሌን ዘላ ባትሪውን ነቀለች።

«ጉድ ፈላ! በኔ እጅ?» አለች ጌታነሽ። አፈረች፤ ፈራችም። ውድድሩ ከነገ ወዲያ ነው።

የተቃጠለውን ሽቦ ይዛ ቤቷ ስትገባ እናቷ እማማ ዓለሚቱ ለባና፣ ለወፍራሙ ብርድ ልብስ፣ የሚሆን የበግ ጠጉር ይፈትላሉ።

«እማዬ፣ ቁጥሩ በዝቶ እሱ የሚቀጥን ነገር አይተው ያውቃሉ?»

«ክር ነዋ! ብዙ ጊዜ የሳቡት ይቀጥናል፤ ይሄ ምኑ ይገርማል?» አሉ እንዝርቱን እያሾሩ። «ጣትሽስ አልነገረሽም?»

«ነግሮኝ ነበር።»

«ታዲያ ማንን ሰማሽ?»

ለካ የፈረንጁ ቁጥር ሽቦው ስንት ጊዜ እንደተሳበ ነው የሚቆጥረው፤ ወፍራሙ 12ቱ ነው! ጌታነሽ በራሷ እየሳቀች ወደ ሮቦቱ ተመለሰችና አርባውን ከ12 ጋር አጋባችው።

ደብረ ብርሃን ላይ የተጋጣሚው ሮቦት የነብሌንን ጥግ አስይዞ አላንቀሳቅስ አለው። ብሬከሩ ቀጭ ብሎ ወረደ፤ ሮቦቱ ቆመ። ተማሪዎቹ ራሳቸውን ያዙ። ከተመልካቹ መሀል ጌታነሽ ብቻዋን እልልታውን አቀለጠችው።

«እትዬ፣ ተሸነፍን እኮ!» አለች ብሌን እንባዋ እየመጣ።

«ዘበኛው ነቅቷል! ሽቦውን ንኪው እስቲ።»

ብሌን ነካችው። ለብ ብሏል እንጂ አልጨሰም።

ከዚያ ወዲህ ጌታነሽ ወሬዋን ትንሽ ቀይራለች። «የዘረጋሁት ቤት ተቃጥሎ አያውቅም» ትልና፣ አሁንም ማንም ሳይጠይቃት፣ «አንድ ሮቦት ግን ለትንሽ ነው ከእሳት የተረፈልኝ» ትላለች።