የፒካፑ ሞተርና የባሌ ወንድም

የባሌን ወንድም አልወደውም። ይህን የማስቀድመው፣ ቀጥሎ የምጽፈውን ያነበበ ሰው ልቧ ራርቷል ብሎ እንዳያስብ ነው። በሠርጌ ዕለት በዘመድ መካከል ቆሞ «አስተማሪ አገባህ፤ እንግዲህ በየጠዋቱ ስምህ ሲጠራ ‹አቤት› እያልክ ኑር» ብሎ ሰው ያሳቀብኝ እሱ ነው። ባሌ በሞተ ጊዜ ሰልስቱ ሳይወጣ የመኪናው ሊብሬ የት እንደተቀመጠ የጠየቀኝም እሱ ነው። ሁለቱንም አልረሳሁም፤ ለመርሳትም አልሞከርኩም። የሞተሩ ነገር ግን ሌላ ነው።

መኪናው አሮጌ አረንጓዴ ፒካፕ ነው። ባሌ ከአምበርና ከሉማሜ ገበያ እህል እየጫነ ደብረ ማርቆስ ያወርድበት ነበር። ቤታችንን ያቆመው የኔ ደመወዝ ሳይሆን ይህ መኪና ነው፤ ይህን ለባሌ በሕይወቱ ነግሬው አላውቅም።

አንድ ዓመት ከመኸር በኋላ ወንድሙ ለልጁ ሠርግ እህል ላመላልስ ብሎ ተዋሰው። ከሉማሜ ሲመለስ አቀበቱ ላይ ሞተሩ ፈላ፤ ነክሶም አልዞር ብሎ ቀረ። በጭነት መኪና ተጎትቶ ግቢያችን ሲገባ በር ላይ ቆሜ ነበር።

«ውሃ ሳታይ ነድተህ ገደልከው!» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! ጠዋት ሞልቼ ነው የተነሳሁ። ከወንበሩ ኋላ ካለው ጀሪካን ነው የሞላሁ።»

«ውሃ ያለው ሞተር አይፈላም» አልኩ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ግን ክፍል ውስጥ እንደለመድኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ ስለተናገርኩ ያወቅሁ መሰልኩ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ቀረበ። የነፍስ አባቴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበሩ። ውሃ መጨመሩን በመሐላ እንዲያጸና ጠየቁት፤ እምቢ አለ። «እውነት ቢሆንም ለብረት ብዬ የእግዚአብሔርን ስም አልጠራም» አለ። እኔ ያንን የሌባ መልስ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ አልኩ። ሽማግሌዎቹም ታናሽ እሱ ነው፣ በእጁ እያለ የተበላሸውም መኪና የታላቅ ወንድሙ ነው ብለው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ፈረዱ።

የሠርግ ድግስ የደገሰ፣ ልጅ የዳረ ሰው አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ ግቢያችን መካከል ቆመ። ጎረቤት በአጥር ላይ ያያል። ባሌ ወዲያው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ሊያነሳው ተንደረደረ። «እሷም ትበል» አሉ ሽማግሌዎቹ። እኔ ዝም አልኩ። ድንጋዩን እያየሁ የሠርጌን ቀን ሳቅ አሰብኩ። የነፍስ አባቴ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ነው «ይቅር» ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ወንድማማቾቹ በመንገድ ሲገናኙ ሰላም ከመባባል አላለፉም። ባሌ ለሞተር ሥራ የሚሆን ገንዘብ ቢያገኝም አላሠራውም። የሰው መኪና እየለመነ ይጭን ነበር። ፒካፑ በቆርቆሮው ዳስ ሥር እንደቆመ እሱ ሞተ።

ሴት ልጄ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ አውቶ መካኒክ ታስተምራለች። ባለፈው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ መፍቻዋን በሻንጣ ይዛ መጣች። «እማዬ፣ አባዬ የለፋበት መኪና ዶሮ ሊያድርበት ነው እንዴ? ሞተሩን ላወርደው ነው» አለች። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምሠራው ስላጣሁ ረዳት ሆንኩ። ዳሱ ወጋግራ ላይ ሰንሰለት አሰረች፤ ሞተሩ ከሆዱ ተላቆ ሲንጠለጠል የታረደ በሬ መሰለኝ። ብሎኖቹን በናፍጣ እያጠብኩ በየተራቸው በድሮ ድስቶቼ ውስጥ እደረድር ነበር። ሽታው ከእጄ አልለቅ ስላለኝ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እደብቅ ነበር።

የሞተሩን ክዳን የፈታችው ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት ከሰዓት ነው። ጎንበስ ብላ አየችና በሽቦ ወጋ ወጋ አደረገች። ነጭ ቅርፊት እየተሰበረ ወረደ።

«ነይ እይ እስኪ እማዬ። ውሃ የሚሄድበት መንገድ ይህ ነበር፤ ጣት ማስገባት ነበረበት። አሁን መርፌም አያስገባ። ራዲያተሩ ጢም ብሎ ቢሞላ እንኳን ውሃው ሞተሩ ዘንድ አይደርስም። ከመፍላት በቀር ምን ያድርግ?»

«ሞልቶም ይፈላል?»

«ሞልቶም።» ቅርፊቱን በጣቷ ፈጨችው። «ይህ የአንድ ቀን ሥራ አይደለም፤ የዓመታት ነው። አባዬ ምን ዓይነት ውሃ ነበር የሚጨምረው?»

ቅርፊቱን አውቀዋለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከሸለቆው ሥር ከሚፈልቀው ጠበል ውሃ የምቀዳባቸው ዕቃዎች ውስጣቸው እንደዚያ ነጭ ነው፤ ጎምዛዛ፣ ከባድ ውሃ ነው። ያን ጊዜ መንገድ ሰው ይበላ ነበር። ባሌ ደግሞ መኪናውን ጠበል አስረጭው ስለው «ፍሬኑን አሠራለሁ፤ እሱ ይበቃል» ብሎ ይስቅብኛል። እኔም እሱ እንቅልፍ ሲወስደው ወይም በእግሩ ገበያ ሲወርድ፣ ከወንበሩ ኋላ የሚያስቀምጠውን የቧንቧ ውሃ ደፍቼ ጀሪካኑን በጠበል እሞላው ነበር። በደህና በተመለሰ ቁጥር «ጠበሉ ነው» እል ነበር በሆዴ። ለዓመታት እንዲህ አደረግሁ። ወንድሙም የዚያን ቀን ጠዋት የሞላው ከዚያው ጀሪካን ነው።

«የቧንቧ ነዋ» አልኳት ልጄን።

አንዴ ከተናገርኩት በኋላ መመለሻ ጠፋኝ። ያሰብኩትም አልሆነም። ነገሩ እዚያው ያበቃል ብዬ ነበር፤ ልጄ ግን ቅርፊቱን በፋቀች ቁጥር አባቷን ትወቅስ ጀመር። «አባዬ መንዳት እንጂ መያዝ አያውቅም ነበር ማለት ነው።» «የቧንቧ ውሃ ይህን ካደረገ ታጥቦ አያውቅም ማለት ነው።» «ይህን ግዴለሽነት ለተማሪዎቼ ፎቶ አንስቼ ባሳያቸው።» መኪናውን ከልጅ በላይ የሚጠርግ ሰው ነበር። ሞቶ ዝም ባለ ሰው ላይ ሁለተኛ ክስ እየመሠረትኩ መሆኔን አውቄ፣ አጎንብሼ ብሎን አጥብ ነበር።

የተበላሹት ክፍሎች ምትክ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ብዙ ቆየን። በዚያ መካከል «ከውጭ ያለውን ቀለም ለምን አንቀባውም?» እላት ነበር። «ይቸኩልሻል እማዬ። ቅባት ላይ የተቀባ ቀለም ሞተሩ ሲሞቅ ይላጣል» ትለኛለች። በሽቦ ብሩሽ ፈተግን፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸን፤ አጠብን፤ አደረቅን። ቀለሙ ላይ ተከራከርን፤ እኔ እንደ መኪናው አረንጓዴ ይሁን ስል እሷ «ግራጫ ይሁን፤ ዘይት ሲያፈስ ቶሎ ይታያል» ብላ ረታችኝ።

የመጀመሪያውን እጅ ቀለም ቀብታ ስትጨርስ ወደ ኋላ ብላ አየችውና «አባዬ ይህን ቢያይ ያፍር ነበር» አለች።

«ጠበል ነው» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው። እኔ ነኝ እየደፋሁ የምሞላው። አባትሽ አያውቅም።»

መጀመሪያ ሳቀች። ብሩሹን ይዛ ጎማ ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች። «ራዲያተር አጠመቅሽ?» አለችኝ፤ እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አጎቴስ?»

በዚያች ቤት ስለ ድንጋዩ የማያውቅ የለም።

በማግስቱ ብቻዬን በሚኒባስ የባሌ ወንድም ወደሚኖርበት አምበር ወረድኩ። ደጁ ላይ ተቀምጦ ገመድ ሲገምድ አገኘሁት። አርጅቷል። ተነሥቶ «እትዬ፣ ደህና ሰነበቱ፤ ምን እግር ጣለዎት?» አለ። ቁጭ ይበሉ ሳልባል ቆሜ ነገርኩት፤ ጀሪካኑን፣ ጠበሉን፣ ቅርፊቱን። ስጨርስ ያመሰግነኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ለምን እንዲያ እንዳሰብኩ አላውቅም።

ገመዱን አስቀመጠ። «አሁን ይህን ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለ። አንቺ ብሎኝ አያውቅም ነበር። «ውሃ መጨመሬንማ እኔ ድሮም አውቃለሁ። ያላወቁት ያሸከሙኝ ናቸው። ለነሱ ንገሪ።»

«ከሽማግሌዎቹ የሞቱ አሉ።»

«ያልሞቱም አሉ» አለና ገመዱን አነሳ።

በሚኒባሱ ስመለስ እየተናደድኩ ነበር። እዚያ ድረስ የወረድኩት እኔ፣ ቡና እንኳን ጠጪ አልተባልኩም። እውነቱን ለመናገር ንዴቱ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሌላው ስሜት ይቀለኛል።

የወሩ ማኅበር ተራው የኔ ነበር። ማኅበርተኞቹ ውስጥ የነፍስ አባቴና ሌላ አንድ ሽማግሌ አሉበት። አምበር ለባሌ ወንድምም ሰው ላክሁ፤ ይመጣል ብዬ አልነበረም፤ መጣ። በር አጠገብ፣ ጋቢውን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ጸሎቱ ደርሶ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ ሞተሩ የተነሳው በዚያው ሳምንት ስለነበር ወሬው ሁሉ እሱ ሆነ። የልጄን ጎበዝነት አነሱ። ጊዜው ይህ ነው አልኩና «ሞተሩን ያበላሸው ለካ ውሃው ነው» አልኩ።

«አላልንም ነበር?» አሉ ሽማግሌው። «ውሃ ሳይጨምር ነው ብለን ያኔም ፈርደናል።» ወደ በሩ ዞረውም «ይሄው ዛሬ ሞተሩ ራሱ መሰከረ» አሉ።

የባሌ ወንድም ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና ለመነሳት ጋቢውን ሰበሰበ። እኔን አላየኝም። ባየኝ ይሻለኝ ነበር። ግማሽ እውነት ተናግሬ እንደገና አሸከምኩት።

«ጨምሮ ነበር!» አልኩ። የክፍል ድምፄ ነው የወጣው። «ሞልቶ ነበር። ከጀሪካኑ ነው የሞላው። ጀሪካኑ ውስጥ ደግሞ ጠበል ነበር፤ ለዓመታት ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አያውቅም። ጠበሉ ሞተሩን ውስጥ ውስጡን ደፈነው። እሱ ምንም አላደረገም። በሐሰት ነው ያሸከምነው።»

አንዲት ማኅበርተኛ አማተበች። «ጠበል ደግሞ እንዴት ያጠፋል? አፍሽን ዝጊ» አለችኝ። ሁሉም ወደ ነፍስ አባቴ ዞሩ።

እሳቸውም «ጠበል የሚያድን ላመነ ነው። ሞተር ምን አምኖ ይድናል?» አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ አማትባ የነበረችውም ትስቃለች። አንዱ «ቄስ ያጠመቀው መኪና እንኳን አይተን አናውቅ፤ በሴት እጅ ክርስትና ተነሳ!» ይላል። የባሌ ወንድም ብቻ አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። እሱ ድንጋዩን ሲሸከም ያ ግቢ ትንፍሽ አላለም ነበር። የኔ ጥፋት ከጠላ ጋር ተጠጣ፣ በሳቅ ታለፈ። ለኔ እንዲህ መቅለሉ አሳፈረኝ፤ ሰው ቢሰድበኝ እንዲያ አላፍርም ነበር።

ሳቁ ሲበርድ ሽማግሌው ተነሥተው ወደሱ ሄዱና ትከሻውን ይዘው ሳሙት፤ የነፍስ አባቴም መስቀላቸውን አሳለሙት። እሱ «ሰማችሁ አይደል?» ብቻ አለ። ከዚያ ተቀምጦ ጠላውን ጨረሰ።

ሲወጣ ልጄ ዳሱ ሥር ወስዳ ኮፈኑን ከፈተችለት። ግራጫውን ሞተር ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየ፤ በእጁም ነካው። «እጅሽ ይባረክ፤ ያባትሽ መኪና ነፍስ ዘራ» አላት። እኔን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝና ወደ መናኸሪያው ወረደ።

ዕቃ ሳጥብ ልጄን «አየሽው? ይህን ሁሉ ሰው ፊት ተናግሬ ‹ይቅር› እንኳን አላለኝም» አልኳት።

«መቼ ጠየቅሽው?» አለች።

ዕቃውን ትቼ ከአምበሩ ደጅ ጀምሬ የተናገርኩትን ሁሉ አሰብኩ። ስለ ጀሪካኑ ተናግሬያለሁ፤ ስለ ጠበሉም፣ ስለ ቅርፊቱም። ይቅር በለኝ የሚለውን ግን እዚያም እዚህም አላልኩም።