ንጋትን ያልጠበቀ ርዕስ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የኦቦ ገመቹን ስም ሳይ ደሜ ፈላ። የቀድሞ አለቃዬ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ በኋላም ስማቸው ያናድደኛል። አንቱ የምላቸው ከልማድ እንጂ ከክብር አይደለም።

ከዓመታት በፊት ነው፤ ያኔ ከኮሌጅ ወጥቼ፣ አምቦ ውስጥ የከተማውን ዜና በፌስቡክ በሚለጥፍ ቢሮ ገና መቀጠሬ ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የባኮ በቆሎ እሸት በየመንገዱ ዳር ይጠበሳል፤ መንገዱ ግን ጭቃና ጭጋግ ነው። በዚያ ጭጋግ የሚከንፉ ሾፌሮችን ዛሬም አልወድም። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተገለበጠና ባኮ የሚያስተምረው መምህር ለሊሳ ሞተ። እናቱ አዴ ጫልቱ አምቦ ገበያ ቅቤ ይሸጣሉ። ዘመዶቹ እንደ ደንቡ በማግስቱ ንጋት ላይ ተሰብስበው ሊያረዷቸው ተስማሙ።

እኔ "የትራፊክ አደጋ በባኮ መንገድ" ብዬ ያለ ስም ጻፍኩ። ኦቦ ገመቹ ከኋላዬ ቆመው አነበቡና ሳቁ።

"ይሄ አምቦ 'ሀገረ ሕይወት' ትባል በነበረበት ዘመን የቀረ ርዕስ ነው። ትንሽ ዘመናዊ ሁኚ እንጂ። 'ሰበር ዜና' በይው። ስሙንም ፎቶውንም ጨምሪ።"

"ኦቦ፣ እናቱ እኮ ገና አልተረዱም። ነገ ንጋት ላይ ነው የሚነገራቸው።"

"ዜና ንጋት አይጠብቅም" አሉና ከወንበሬ አስነስተውኝ ራሳቸው ጻፉት፤ ያውም በቀይ።

አዴ ጫልቱ ቅቤ እየመዘኑ ሳለ አንዲት ደንበኛቸው ጽሑፉን ሳታነብ "ልጅዎ አይደል?" ብላ ስልኳን አሳየቻቸው። ፎቶው የምረቃው ነበር፤ ጋዋን ለብሶ ይስቃል። የተሸለመ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

"ማል ጄዻ? ምን ይላል? አንብቢልኝ እስቲ።"

ልጅቷ ማንበብ ጀምራ ዝም ስትል ገባቸው። ይህን ለቅሶ ቤት ራሳቸው ነገሩኝ። ሰኞ ኦቦ ገመቹ "ስንት ሰው እንዳየው አየሽ?" አሉኝ። ጠላኋቸው።

ዛሬ ያንን ገጽ የምመራው እኔ ነኝ። ኦቦ ገመቹ ትናንት የደወሉት ታናሽ ወንድማቸው በመኪና አደጋ ስለሞተ ነው።

"እናታችን የምትኖረው ደንዲ ነው። ጠዋት ሄደን እስክናረዳት እባክሽ እንዳትለጥፉት።"

"ዜና ንጋት ይጠብቃል እንዴ?" አልኳቸው።

ትንፋሻቸው ይሰማኝ ነበር። ሆን ብዬ አስጠበቅኋቸው፤ ደስም አለኝ። ከዚያ "እሺ" ብዬ ዘጋሁት።

ዜናውን የለጠፍኩት ዛሬ ረፋድ ላይ፣ መርዶው ከተነገረ በኋላ ነው። የኦቦ ገመቹ እናት ትናንት ሁሉም ልጆቻቸው በሕይወት እንዳሉ አምነው ተኝተው አደሩ። አዴ ጫልቱ ይህችን አንድ ሌሊት ተከልክለዋል። እኔም ኦቦ ገመቹን እስካሁን ይቅር አላልኳቸውም።