እናቴ የሰማችው ጸሎት

የእናቴን መርዶ አዋሳ ሳለሁ ጎረቤቶቼ በማለዳ ተሰብስበው መጥተው ነገሩኝ። ሙሾ ማውጣት አቃተኝ፤ ነጠላዬን ተከናንቤ መንፈስ በሰጠኝ ልሳን ጸለይሁ።

ጴንጤ ይታሰር በነበረበት በደርግ ጊዜ፣ ብልባላ መንደር ባለው ቤታችን ከጎተራው ጀርባ ተደብቄ እንዲሁ ስጸልይ እናቴ ሰማችኝ። «ልጄን ዛር ያዘብኝ!» ብላ እያለቀሰች አሸተን ማርያም ወስዳ ጸበል አስረጨችኝ።

«እማ፣ ጸሎት እኮ ነው» አልኋት።

«በማይገባሽ ቋንቋ?»

«የቄሱስ ግዕዝ ይገባሻል?»

ሳቀች፤ ወዲያው ግን አማተበች። ኋላም «ቀበሌ ሰምቶ ሳያስርሽ ሂጂልኝ» ብላ ራሷ ሸኘችኝ። ከዚያ ወዲያ አልተያየንም።

ስትሞት አጠገቧ የነበራችሁ የብልባላ ዘመዶቼ፣ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ልጄ ዛር እንደያዛት ቀረች ብላ ነው የሞተችው፣ ወይስ ጸሎት መሆኑን አምናልኝ ነበር? ይከፋታል ብላችሁ አትደብቁኝ።